የቫሲሊና ሻሽ

አክስቴ ቫሲሊና ተደብቃ ባል ማግባቷን መጀመሪያ የደረስኩበት እኔ ነኝ። አላገባችም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ ግን ደርሼበታለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ በስምንት ዓመቴ የማላውቀው ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ነው ዕውቀቴ እየቀነሰ የመጣው።

በእኛ ተራራ ነገሩ ግልጽ ነው። ያላገባች ልጅ ራሷን አትሸፍንም። ጠጉሯን በአንድ ጉንጉን ጎንጉና ወደ ጀርባዋ ትለቀዋለች፤ ገበያም ትሂድ ቤተ ክርስቲያን እንዲያው ነው። ሻሽ የሚያስሩላት በሠርጓ ዕለት ነው፤ ከታሰረላት በኋላ ደግሞ ውጭ ሻሿን ፈታ የምትታይ ሴት የለችም። ስለዚህ አንድ የሰኔ ጠዋት ቫሲሊና የአያቴን ቡናማ ሻሽ እስከ ቅንድቧ አውርዳ አስራ ወጥ ቤት ብቅ ስትል፣ የገንፎ ማንኪያዬን አስቀምጬ ትክ ብዬ አየኋትና በሆዴ «በቃ፣ አግብታለች» አልኩ።

ችግሩ እጮኛዋ ታናሲ በቦታው አለመኖሩ ነው። ታናሲ እረኛ ነው፤ በግንቦት የመንደሩን በጎች ይዞ ወደ ላይኛው ግጦሽ ወጥቷል። በጎቹ እስኪወርዱ፣ እስከ ጥቅምት ድረስ አይመጣም፤ ሠርጉም የተቆረጠው ለዚያን ጊዜ ነበር። ታናሲ ተራራ ላይ ከሆነ እንግዲህ ያገባችው ሌላ ሰው ነው። ገንፎዬን ጨረስኩና ያን ሰው ለመፈለግ ተነሣሁ።

ጉንጉኑን ላላየ ሰው ነገሬ አይገባውም። ቫሲሊና የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ። ጉንጉኗ ከወገቧ ያልፋል፤ ውፍረቱ የእኔን ክንድ ያክላል። ወንበር ላይ ስትቀመጥ እንዳትቀመጥበት ወደ ፊት አምጥታ ጭኗ ላይ ታስተኛዋለች። መንደሩ ስለ እሷ ሲያወራ «ያቺ ባለ ጉንጉኗ» ነው የሚላት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠጉሯን የምታጥባት አያቴ ሃፊያ ነበረች፤ በአመድ ውሃና በተቀቀለ ሳማ።

ከዚያ ሻምፖው መጣ። ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር፤ አይተነው የማናውቀው ዕቃ ሁሉ በመኪና እየተጫነ ተራራችን ላይ መድረስ ጀምሯል። ባለ ሱቋ ስቴፋ አረንጓዴውን ጠርሙስ መስኮቷ ላይ ደረደረችው። በላዩ ጠጉሯ ነፋስ ላይ የተበተነ ሴት ሥዕል አለበት፤ ጽሑፉን ማናችንም አናነበውም። ሽታው የፖም ነው፤ ግን እንዲያ የሚሸት ፖም በየትኛውም ዛፍ ላይ በቅሎ አያውቅም። ስቴፋ ደግሞ ብልጥ ናት። ቫሲሊናን ቀጠረቻትና ከጠርሙሶቹ አጠገብ አቆመቻት።

ሴቶች ሲገቡ፣ «ዞር በይላቸው እስቲ፣ የኔ ቆንጆ! ዞር በይና ይዩሽ!» ትላለች።

ቫሲሊና ትዞራለች። ሴቶቹ ጉንጉኑን ያዩና ጠርሙሱን ያነሣሉ። ያ ጉንጉን ሃያ ዓመት ሙሉ በአመድና በሳማ ማደጉን የጠየቀ የለም።

ቫሲሊናም ነገሩን ወደደችው። ለእሷ ጠርሙሱ በነጻ ነው፤ በየሁለት ቀኑ ትታጠብበታለች። አያቴ ቅዳሜ ማሰሮዋን ጥዳ ስትጠራት፣ «ኧረ ተይኝ እማዬ! ሳማ ሳማ እየሸተትኩ ሱቅ ልቆም? ፍየል መሰልኩ እኮ!» ትላታለች። አያቴ ውሃውን አብርዳ የኔ ራስ ላይ ትደፋዋለች።

አሁን ትልቅ ሰው ስለሆንኩ ያኔ ያልነገሩኝን ልንገራችሁ። ቫሲሊናን መጀመሪያ አናቷን አሳከካት። ከዚያ ቆሰለ። ከዚያ ማበጠሪያው ጠጉሯን በእፍኝ በእፍኝ ይዞ ይመጣ ጀመር። ሰኔ ሲገባ ከጆሮዋ በላይ የእጅ መዳፍ የሚያክል ቦታ ራቁቱን ቀርቶ ነበር። ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንደነበረ ዛሬም የሚያውቅ የለም፤ ማን በየትኛው ጓዳ እንደሞላው እግዜር ይወቀው። ሠርጉ ደግሞ ጥቅምት ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ሙሽራ በሠርጓ ዕለት መሐል ላይ ትቀመጣለች፤ ወንድሟ ጉንጉኗን ሰው ሁሉ እያየ ይፈታዋል። መንደሩ ለዓመታት የሚያወራው ያን ጠጉር ነው፤ ሙሽራው ምን እንደለበሰ ማንንም ትዝ አይለውም። ቫሲሊና ያን ቀን እያሰበች ነበር ሻሹን ያሰረችው። አራት ወር ነበራት።

እኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም። እኔ ባሏን እየፈለግሁ ነበር።

ከበር ጀርባ ቆሜ አያቴና ቫሲሊና ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ።

«ታናሲ ከሰማ አለቀልኝ» ትላለች ቫሲሊና።

«ከየት ይሰማል? በጎቹ ይነግሩታል?»

«አራት ወር ይበቃል እማዬ? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ሥሩ አልሞተም። ያን መርዝ ካላስነካሽው ይበቃል» አለች አያቴ። «አርፈሽ አንገትሽን ድፊ።»

መርዝ የሚለውን ስሰማ ነገሩን በጣቴ ቆጠርኩ። ታናሲ እንዳይሰማ፣ መርዝ፣ አራት ወር። ነገሩ ካሰብኩትም የባሰ ነው።

በማግስቱ ንጋት ላይ ቫሲሊና ጆንያ ይዛ ስትወጣ ተከተልኳት። ቀጥ ብላ የሄደችው የደን ጠባቂው ኪሪሎ አጥር ጋ ነው። ኪሪሎ ሚስቱ የሞተችበት፣ ፊት ለፊት የወርቅ ጥርስ ያለው ሽማግሌ ነው። ብቅ አለ፤ አናገራት፤ መቆፈሪያ አቀበላት። ጓሮው ውስጥ ጎንበስ ብላ ስትቆፍር ቆየችና ጆንያዋን ሞልታ፣ እጇ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ወጣች። በቃ። ሰው የሰው ጓሮ ገብቶ የሚቆፍረው ቤቱ ከሆነ ብቻ ነው። የወርቅ ጥርሱም አሳምኖኛል።

ጆንያው ውስጥ የነበረው ሥር ነው፤ ፍሬው እንደ ጭጎጎት ልብስ ላይ የሚጣበቀው የዚያ ሰፊ ቅጠል ተክል ሥር። የኪሪሎ ጓሮ በእሱ የተሞላ ነበር። አያቴ ሥሩን ከትፋ ከሳማና ዋልነት ከሚባለው ዛፍ ቅጠል ጋር ትቀቅለዋለች፤ ቤታችን ዝናብ የመታው ጫካ ይሸታል። ራሷ የሚታጠበው ደግሞ በእንቁላል አስኳልና በውሃ በራሰ የአጃ ዳቦ ነው፤ መጨረሻ ላይ ጠብታ የፖም ኮምጣጤ ያለበት ውሃ ይፈስስበታል። እኔ የማየው አስኳሉ የት እንደሚገባ ሳይሆን ነጩ የት እንደሚገባ ነው፤ ወደ እኔ ሳህን። በእኛ ዘንድ ከሰኔ እስከ ነሐሴ በጋ ነው፤ ያን በጋ ሙሉ የእንቁላል ነጭ ጥብስ ስበላ ከረምኩ። አባቴ ኦኑፍሪ፣ «ዶሮዎቻችን ምን ነካቸው?» ሲል አያቴ ገላምጣ ዝም ታሰኘዋለች። እናቴ ያን ዓመት ለሥራ ፖላንድ ነበረች፤ እሷ ብትኖር ኖሮ ይሄ ሁሉ ጉድ በጊዜ በተጣራ ነበር።

አያቴ ሌላም ነገር ታደርግ ነበር። በየጠዋቱ ከትራሱና ከማበጠሪያው የወደቀውን ጠጉር አንድ በአንድ ለቅማ፣ ከሥዕለ አድኅኖው ጀርባ የተንጠለጠለ የበፍታ ከረጢት ውስጥ ትከታለች። በእኛ አገር ጠጉር አይጣልም፤ ወፍ ጎጆ ከሠራችበት ዓመቱን ሙሉ ራስሽን ያምሻል። ግን ሰው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይወትፈዋል እንጂ አያከማችም። አያቴ ምን ልታደርግበት እንደሆነ ስላልገባኝ ማታ ከእሷ ጎን መተኛት እፈራ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የከፉ ነበሩ። ሻምፖ የለመደ ጠጉር ሻምፖውን ሲያጣ ያኮርፋል። የቫሲሊና ጠጉር ቅባት ጠጥቶ አናቷ ላይ ተለጠፈ። አንድ ቀን መስታወቱን ግድግዳው ላይ አዙራ ሰቀለችውና፣ «እማዬ፣ የወንዝ አይጥ ሆኛለሁ! አንዴ ብቻ፣ ለአንዴ ብቻ በጠርሙሱ ልታጠብ!» ብላ አለቀሰች።

«ታጠቢ» አለች አያቴ። «ከዚያ ለታናሲ የምታሳዪው ጆሮሽን ነው።»

ቫሲሊና አልታጠበችም።

ስቴፋ ጋ ሥራውም አከተመ። «ሻሽ አስራ ሻምፖ የምትሸጥ ልጅ የት ታይታለች? ወይ ፍቺው፣ ወይ ሂጂልኝ!» አለቻት። ቫሲሊና ሄደችላት። ከዚያ ወዲያ ስቴፋ ለገባው ሁሉ የምትናገረው አንድ ወሬ ብቻ ሆነ። «ሻሹ ራሷ ላይ ነው፣ ምክንያቱ ሆዷ ውስጥ ነው» ትላለች፤ ሴቶቹም ይሳሳቃሉ። ጨው ልገዛ ሄጄ ሰማኋት። እኔ ቫሲሊና ሆዷን የታመመች ነው የመሰለኝ፤ ቤት ገብቼ «ሆድሽን እንዴት ነው?» አልኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። ያን ቀን ከአልጋዋ አልተነሣችም፤ ያን ያህል የሚያስለቅስ ምን እንዳልኩ ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ሐምሌ ላይ አባቴ የድርሻችንን አይብ ሊያመጣ ወደ ግጦሹ ሲወጣ እኔንም ፈረሱ ላይ ጫነኝ። ቫሲሊና ልትሄድ አትችልም፤ ሴት እጮኛዋን ፍለጋ እረኞቹ ጎጆ አትሄድም፣ ነውር ነው። ታናሲ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮው ትልቅ ሰው ነው፤ ሲያየኝ ከሩቅ «ኦሪስያ! እመቤቴ መጣች!» እያለ እየሮጠ መጣ። ጢስ የለበሰው ጎጆ ውስጥ አስቀመጠኝ፤ ትኩስ አጓት በእንጨት ኩባያ ሰጠኝ። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ ሁለት ነገር አወረደ፤ ከአይብ በእጁ የሠራቸው ሁለት ፈረሶች፣ ኮርቻና ጋማ ሳይቀር።

«ትንሹ ያንቺ። ይሄ ትልቁ የቫሲሊና ነው» አለኝ። «ጭራውን እይው፣ ጉንጉን ነው የሠራሁለት።»

ያን ጉንጉን ጭራ ሳይ አንጀቴ አልቻለም።

«አትላክላት» አልኩት።

«ለምን?»

«አግብታለች።»

ታናሲ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቀስ እያለ ሳቁን አቆመ።

«ማንን?»

«ኪሪሎን።»

«የደን ጠባቂውን? ስልሳ ዓመቱ እኮ ነው!»

«የወርቅ ጥርስ አለው» አልኩት። «ራሷን ሸፍናለች፣ ጋሼ ታናሲ። በማርያም! ከሰኔ ጀምራ ተሸፍናለች። ሱቅም አትሠራም። ስቴፋ ደግሞ ሆዷ ነው ትላለች።»

የሰው ፊት እንዲያ ሲነጣ አይቼ አላውቅም ነበር። ትልቁን ፈረስ መደርደሪያው ላይ መለሰው፤ ወደ እረኞቹ አለቃ ሄዶ አንድ ሁለት ቃል ተናገረ። ሲመለስ ባርኔጣውን ደፍቶ ነበር። ለአባቴ፣ «ጋሼ ኦኑፍሪ፣ አብሬያችሁ እወርዳለሁ፤ እናቴን ላያት ነው» ብቻ አለው። አባቴ ደስ አለው፤ መንገዱን ሁሉ ስለ ሠርጉ በሬ ሲያወራለት ወረደ። ታናሲ «አዎ፣ አዎ» እያለ ከፈረሱ ቀድሞ ይሮጣል። እኔ ፈረስ ላይ ሆኜ እውነቱን በመናገሬ እኮራ ነበር።

ግቢ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። ቫሲሊና መሐል ግቢ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አንገቷን ደፍታለች፤ አያቴ ከላይ ቆማ አስኳልና የአጃ ዳቦ እየለቀለቀቻት ነው። ቢጫው ከግንባሯ በአፍንጫዋ በኩል ይንጠባጠባል። ሻሹ አጥር ላይ ተሰጥቷል።

«ቫሲሊና!» አለ ታናሲ ከበሩ። «ኪሪሎን አግብተሻል?»

ቫሲሊና ጮኸች። ብድግ አለችና ያገኘችውን፣ የዶሮ መኖ ወንፊቱን፣ ራሷ ላይ ደፋችው።

«ማንን?» አለች ከወንፊቱ ሥር።

«ማንን?» አለች አያቴ።

«ማንን?» አለ አባቴ።

ሦስቱም ዞረው እኔን አዩኝ። ከፈረሱ መውረድ አስጠላኝ።

ከዚያ ቫሲሊና ወንፊቱን በገዛ እጇ አነሣችና ወረወረችው። ወደ ታናሲ ቀርባ እፊቱ ቆመች።

«እይ» አለችው። «ጠጋ ብለህ እይ፣ ኋላ አልነገረችኝም እንዳትል። ያጨኸው ጉንጉን ይሄ ነው የቀረው። ኪሪሎም የለም፣ ሆድም የለም፤ ጠጉርም የለም። ከፈለግህ በመጣህበት ተመለስ፤ አልቀየምህም።»

ትቀየመው ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ትቀየመው እንደነበር ኋላ ራሷ ነግራኛለች።

ታናሲ በግ እንደሚያይ ሰው በሁለት እጁ ራሷን ያዘና አስኳሉን በጣቱ ገለል ገለል እያደረገ፣ በጠጉሩ መሐል እየከፈለ ማየት ጀመረ። ከጆሮዋ በላይ ያለውን ራቁት ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«እማማ ሃፊያ» አለ በመጨረሻ፣ «ምንድን ነው የምትቀቧት?»

«አስኳል ነው፣ ልጄ። የአጃ ዳቦ። የሳማና የሥር ውሃ።»

«በቅሏል እኮ! አላያችሁትም? እዚህ ጋ ጸጉረ ልስልስ፣ እንደ አዲስ ግልገል። አጓት ጨምሩበት። እኛ እላይ ሌላ ነገር አንታጠብም» አለና ባርኔጣውን አወለቀ። በጋውን ሙሉ ያልተቆረጠ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ጠጉር ግንባሩ ላይ ወደቀ። ወደ እሷ ዞረ። «በዓመት ስንት በግ እሸልታለሁ መሰለሽ? ተሸልታ የምታለቅስ አንዷንም አላየሁም። ሮጣ ሣሯን ነው የምትግጠው።»

«በግ ነሽ እያልከኝ ነው?» አለች ቫሲሊና።

«ያውም እንቁላል እንቁላል የምትሸት» አለና ከአፍንጫዋ ላይ በጣቱ ጠርጎ ላሰው።

ቫሲሊና ሳቀች። ከሰኔ ወዲህ ስትስቅ ያን ቀን መስማቴ ነበር። አያቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በሽርጧ አፍንጫዋን ጠረገች፤ ከዚያ ተመልሳ፣ «ይህቺን ወሬኛ አምጡልኝ!» አለች። ወሬኛዋ እኔ ነኝ። አባቴ ከፈረሱ አውርዶ አቀረበኝ። ነገሩን ሁሉ አስረዱኝ፤ ጠርሙሱን፣ ሻሹን፣ ሥሩን። እሺ አልኩ። ግን ከልቤ አላመንኩም። ኪሪሎን ለማንኛውም ከዓይኔ አላራቅሁትም።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ አይብ በሚያወርደው ፈረስ ላይ አንድ ገንቦ አጓት ይመጣል። ነሐሴ ላይ መርገፉ ቆመ፤ ቁስሉ ደርቆ ተላላጠ። መስከረም ላይ አዲሱ ጠጉር የግማሽ ጣት ርዝመት ሆኖ በራሷ ዙሪያ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አሮጌው ደግሞ ከሥሩ ሳስቶ ወገቧ ድረስ እንደ ክር ተንጠልጥሎ ነበር። አንድ ቅዳሜ ቫሲሊና የአባቴን የበግ መቀስ አነሣችና ክሩን ሁሉ ከትከሻዋ በላይ ቆረጠችው። አያቴ ቅንጣቢውን መሬት ሳይነካ ቀለበችው፤ ወደ ከረጢቱ ገባ።

የከረጢቱ ምሥጢር የወጣው ከሠርጉ ሦስት ቀን በፊት ነው። አያቴ የወደቀውን ጠጉር ሁሉ አበጥራ፣ ከተልባ ክር ጋር ፈትላ፣ አንድ ትልቅ ጉንጉን ሠርታለች። የቫሲሊናን የድሮ ጉንጉን። ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋው አባቴ አማተበ።

«በቀይ ክር ከሥሩ እሰፋዋለሁ» አለች አያቴ። «ኦኑፍሪ ሲፈታው ጫፉን ብቻ ይፈታል። ማንም አያውቅም።»

ልምምድ ተደረገ። ቫሲሊና ተቀመጠች፤ አባቴ እንጨት ሲፈልጥበት በኖረው እጁ ጫፉን ያዘ። «ቀስ በል» አለች አያቴ። «ቀስ እያልኩ ነው» አለ አባቴ። ሙሉ ጉንጉኑ እጁ ላይ ቀረ። እንዲያ ይዞት ቆመ፤ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። እኔ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ሳቅሁ።

ቫሲሊና አልሳቀችም። ጉንጉኑን ተቀብላው ጭኗ ላይ አስተኛችው፣ እንደ ድሮው። ብዙ ጊዜ ዳሰሰችው።

«ያምራል» አለች። «ግን የሞተ ነው፣ እማዬ። ይኸኛው ነው በሕይወት ያለው» አለችና አጭሩን ጠጉሯን ያዘች። «ሱቅ ውስጥ ቆሜ በጉንጉኔ ስንቱን ሰው ዋሸሁት። አሁን ደግሞ በሠርጌ ልዋሽበት?»

«ሰው ይስቅብሻል፣ ልጄ።»

«ይሳቅ።»

አያቴ ጉንጉኑን ወደ ከረጢቱ መለሰችው። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ስትሞት በቃሏ መሠረት የመቃብር ትራሷ ውስጥ ከተትንላት። የልጄን ጠጉር ለማንም ወፍ አልሰጥም ብላ ነበር።

ጥቅምት ላይ በጎቹ ወረዱ፤ ሠርጉም ሆነ። ግቢያችን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ስቴፋ ከፊት ቆማ ነበር፤ በአዲስ አበባማ ሻሽ ተጠቅልላ። ቫሲሊና በበግ ሌጦ በተሸፈነ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከራስ ጌጧ ሥር የወጣው ጉንጉን አንድ ጋት ብቻ ነበር። ሹክሹክታው ከበሩ ጀምሮ እንደ ንብ ተነሣ።

«ኧረ ጉድ! ቫሲሊንዬ» አለች ስቴፋ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ «ያ ሁሉ ጉንጉን የት ደረሰ?»

ቫሲሊና ቀና ብላ አየቻት።

«ያንቺን ጠርሙስ ጠይቂው» አለች። «የበላው እሱ ነው። ለሴቶቹም የምነግራቸው ይሄንኑ ነው፤ እዚያ ቆሜ ስዞርላችሁ የነበረው ጉንጉን የጠርሙሱ አልነበረም። የእናቴ የአመድ ውሃና ሳማ ነው ያሳደገው። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ማንም አልሳቀም። ብዙ እጅ ወደየራሱ አናት ሲሄድ አየሁ። ሰኞ ጠዋት አያቴ በር ላይ አራት ሴቶች ተሰልፈው ነበር፤ አራተኛዋ አበባማ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ያወረደችው ስቴፋ ነበረች። አያቴ አንድም ቃል ሳትናገር አስቀመጠቻትና አስኳል መታችላት።

ግን ወደ ሠርጉ ልመለስ። ልጃገረዶቹ መዝፈን ጀመሩ፤ አባቴ ቀረበ። እነዚያ ወፋፍራም ጣቶቹ የጉንጉኗን ጫፍ ያሰረውን ቀይ ክር ያዙ። ግንባሩ በላብ ረጥቧል። ክሩ ወጣ፤ ጉንጉኑ ተፈታ። ጠጉሯ ከሥሩ ብድግ ብሎ ተዘረጋ፤ አጭር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ የጥቅምት ፀሐይ ያረፈበት ቡናማ የዋልነት ልጣጭ የሚመስል። ሽታው እስከ እኔ ደረሰ፤ ሳማና የጫካ ዝናብ። ከአሮጊቶቹ አንዷ አላስቻላትም፤ ተነሥታ መጥታ መዳፏን ከተተችበት። «ወይ ጉልበት!» አለች። ከዚያ ሌላዋ መጣች፣ ከዚያ ሌላዋ። አያቴ ጥግ ላይ ቆማ እጇን አጣምራ ነበር፤ እንዲያ ቀጥ ብላ የቆመችበትን ቀን አላስታውስም።

የቀረው ሻሹ ነው። የታናሲ እናት አዲሱን ነጭ ሻሽ ይዛ መጣች። ልማዱን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሙሽራ ሁለቴ ሻሹን ከራሷ አንሥታ ትወረውራለች፣ በሦስተኛው አንገቷን ደፍታ ትታሰራለች። ሴትዮዋ አለበሰቻት። ቫሲሊና ወረወረች። ሰው ሳቀ። አለበሰቻት። ወረወረች። ሰው አጨበጨበ። ሦስተኛውን አለበሰቻት።

ቫሲሊና ወረወረችው።

ቫዮሊን መቺው እጁ አየር ላይ ቀረ። የእኔ ልብ ግን ዘለለ፤ አውቄው ነበር! አላገባውም ማለቷ ነው! በዓይኔ ኪሪሎን ፈለግሁት። ጥጉ ላይ ተቀምጦ የበሬ አጥንት ይግጣል፤ የወርቅ ጥርሱ ያብለጨልጫል፤ የሆነውን አላየም እንኳ።

«በጋውን ሙሉ ተሸፍኜ ከርሜያለሁ» አለች ቫሲሊና። ጉንጯ ቀልቷል። «ዛሬ ነፋስ ይምታው። ዛሬ እስክጠግብ ይታይልኝ። ነገ አሥራለሁ።»

የታናሲ እናት አፏን ይዛ ቀረች። መንደሩ ሁሉ ታናሲን ተመለከተ። ታናሲ ጎንበስ ብሎ ሻሹን ከመሬት አነሣ፤ አቧራውን አራገፈ። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ሻሹን የገዛ ራሱ ላይ አደረገና ከአገጩ ሥር ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ትልልቅ ጆሮዎቹ ከጎንና ከጎን ወጥተው ቀሩ።

«ልማዱ ሻሹ ይታሰር ነው የሚለው፤ ይኸው ታሰረ» አለ። «ምታ እንጂ፣ ምን ቆምክ?»

ቫዮሊኑ ጀመረ። ግቢው በሳቅ ፈነዳ፤ አያቴ ሳትቀር እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቫሲሊና መሐል ገብታ ስትሽከረከር ጠጉሯ ከሁሉም አቅጣጫ ብድግ ይላል፤ እኔን በሁለት እጄ ይዛ ከመሬት አነሣችኝ። ኪሪሎን የረሳሁት ያኔ ነው።

ዛሬ ጉንጉኗ ሽበት ቢኖርበትም እንደገና ከወገቧ ወርዷል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አስኳሉን የምመታላት እኔ ነኝ፣ ነጩን የምትበላው ልጄ ናት። «ነገ አሥራለሁ» ካለች ሠላሳ ዓመት አለፈ። እስካሁን አላሰረችም።